የጠቆረ የብር ሳንቲም ይጽዳ ወይስ እንዳለ ይቀመጥ?

በአሮጌ ሳንቲም ላይ የሚፈጸመው ትልቁ ስሕተት ብዙውን ጊዜ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም። ከአያት ሣጥን ውስጥ አንድ የምኒልክ ብር፣ ወይም በተለምዶ ጠገራ ብር የምንለው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ታለር ይወጣል። መልኩ ጠቁሯል፤ ጠርዙ አካባቢ ቡናማና ሰማያዊ ቀለም ይዟል። ያገኘው ሰው ሎሚና አመድ፣ ወይም የጥርስ ሳሙናና ብሩሽ አንሥቶ ነጭ እስኪሆን ድረስ ይፈትገዋል። ሳንቲሙ ያበራል፣ ቤተሰቡም «እንዴት አማረ!» ይላል። ከዚያ ወዲያ ለግምት ሲቀርብ ግን ሳንቲም ሰብሳቢው አንድ ጊዜ ብቻ ወደ መብራት ዘንበል አድርጎ ያየውና ለባለቤቱ ይመልስለታል።

ሰብሳቢው በዚያች ቅጽበት ያየው ምንድን ነው? መልሱን ለመረዳት በመጀመሪያ ጥቁረቱ ራሱ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሳንቲም ይጽዳ ወይስ ይተው የሚለው ውሳኔ ከሞላ ጎደል የሚወሰነው በዚህ ዕውቀት ነውና።

ሳንቲሙን ያጠቆረው ምንድን ነው?

ብር፣ ማለትም ማዕድኑ (ቋንቋችን ማዕድኑንም ገንዘቡንም በአንድ ስም ይጠራል)፣ እንደ ብረት በውኃና በአየር ብቻ አይዝግም። ባሕርዩን የሚለውጠው በአየር ውስጥ በጣም በጥቂቱ የሚገኝ፣ ድኝ ያለበት ጋዝ ነው። ይህ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው ጋዝ ብዙ ሲሆን የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ጥቂት ሲሆን አፍንጫችን አይለየውም፣ ብሩ ግን ይለየዋል። ከሚበሰብስ ነገር፣ ከጭስ፣ ከሱፍ ጨርቅ፣ ከጎማ፣ ከአንዳንድ ዓይነት ወረቀትና ካርቶን የሚወጣ ድኝ ከሳንቲሙ ገጽ ጋር ሲገናኝ፣ የላይኛው የብር ሽፋን ከድኙ ጋር ተዋሕዶ የብር ሰልፋይድ ወደሚባል ሌላ ነገር ይለወጣል። ሰብሳቢዎች ሳንቲሙ «ቀለም ያዘ» የሚሉት ይህ ለውጥ ሲታይ ነው።

እዚህ ላይ ቡናን ማሰብ ይጠቅማል። ቡና ከመቆላቱ በፊት ይታጠባል፤ አቧራውና ገለባው ከፍሬው ጋር የተዋሐደ ስላልሆነ በውኃ ይለቃል። ከተቆላ በኋላ ግን ጥቁረቱን አጥቦ ማስለቀቅ የሚሞክር የለም፤ ምክንያቱም ጥቁረቱ ራሱ ቡናው ነው። ማስወገድ የሚቻለው ከቡናው ላይ ፍቆ በማንሣት ብቻ ነው። በሳንቲም ላይ ያለው አቧራ፣ የእጅ ቅባት፣ ሰም ወይም ጥላሸት ያልተቆላ ቡና ላይ እንዳለ አቧራ ነው። የብር ሰልፋይዱ ግን እንደ ተቆላው ቡና ጥቁረት ነው፤ ትናንት ብር የነበረ፣ ዛሬ ተለውጦ የተገኘ የሳንቲሙ አካል ነው። ስለዚህ «ላጽዳው ወይ?» ከማለት በፊት የሚቀድመው ጥያቄ «ያረፈበት ነው ወይስ የሆነው?» የሚለው ነው።

ቀለሙ ለምን ወርቃማ፣ ወይን ጠጅና ሰማያዊ ይሆናል?

የብር ሰልፋይድ በብዛት ሲከማች ጥቁር ነው። ነገር ግን ሽፋኑ ገና ስስ ሳለ፣ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ዐሥር ሺኛ እጅ አካባቢ በሚሆንበት ጊዜ፣ የራሱን ቀለም ሳይሆን የብርሃንን ጨዋታ ያሳያል። ዝናብ ከዘነበ በኋላ አስፋልት ላይ በተኛ ውኃ የመኪና ዘይት ጠብ ሲልበት የሚታየውን የቀስተ ደመና ቀለም ሁላችንም እናውቀዋለን። ዘይቱ በራሱ ሰማያዊም ሆነ ሐምራዊ አይደለም። ከዘይቱ የላይኛው ገጽ የሚመለሰው ብርሃንና ከታችኛው ገጽ የሚመለሰው ብርሃን ሲገናኙ አንዳንዱ ቀለም ይጠፋል፣ አንዳንዱ ይጎላል፤ የትኛው እንደሚጎላ የሚወስነው የሽፋኑ ውፍረት ነው። በሳንቲምም የሚሆነው ይኸው ነው።

ለዚህም ነው በተፈጥሮ የሚመጣው ቀለም ቅደም ተከተል ያለው። ሽፋኑ ሲጀምር ፈዘዝ ያለ ወርቃማ ይሆናል፤ ሲወፍር ወደ ብርቱካናማና ወይን ጠጅ፣ ቀጥሎ ወደ ሰማያዊ ይሸጋገራል፤ ከዚያም በላይ ሲወፍር ቢጫውና ሐምራዊው በሌላ ዙር ተመልሰው ይመጣሉ፣ አረንጓዴም ይታያል፤ በመጨረሻ ግራጫና ጥቁር ይሆናል። ድኙ ብዙውን ጊዜ ከዳር ስለሚገባ ጠርዙ በቀለሙ ይቀድማል፣ መሐሉ ይከተላል።

የዚህ ዝነኛው ምሳሌ የአሜሪካው ሞርጋን ዶላር ነው። ከ1878 እስከ 1904፣ ከዚያም በ1921 እ.ኤ.አ. የተመታው ይህ የብር ዶላር በሚሊዮኖች የሚቆጠረው ገበያ ሳይወጣ አንድ ሺህ አንድ ሺህ እየሆነ በሸራ ከረጢት ታስሮ በመንግሥት ግምጃ ቤት ለአሥርት ዓመታት ተቀመጠ። ከረጢቶቹ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በብዛት ሲወጡ፣ ጨርቁን የነኩት ሳንቲሞች ገጽ የቀስተ ደመና ቀለም ይዞ ተገኘ፤ በአንዳንዶቹ ላይ የሸራው ሽመና ራሱ በቀለም ታትሞ ይታያል። ዛሬ ከእነዚህ ያማሩት ከነጩ ወንድማቸው እጅግ በሚበልጥ ዋጋ ይሸጣሉ። አንድ ሰው ከእነዚህ አንዱን አግኝቶ በማጽጃ ፈሳሽ ነጭ ቢያደርገው፣ ገዢው ሊከፍልበት የነበረውን ነገር ራሱን አጠበው ማለት ነው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ታዲያ ሰብሳቢው ወደ መብራት ሲያዘነብለው የሚፈልገው ምንድን ነው?

ወዝ ነው። ሳንቲም የሚሠራው ጠፍጣፋ የብር ክብ በሁለት የብረት ቅርጾች መካከል በከባድ ኃይል ተመትቶ ነው። በዚያች ቅጽበት ብሩ እንደ ሊጥ ከመሐል ወደ ዳር ይፈስሳል፤ የዚህ ፍሰት ዱካ ሆነው በዓይን የማይታዩ እጅግ ቀጫጭን መስመሮች በገጹ ላይ ይቀራሉ። ያልተነካ ሳንቲም በመብራት ሥር ቀስ ተብሎ ሲዞር ብርሃኑ እንደ መንኮራኩር ዘንግ አብሮ ይሽከረከራል፤ የደረሰ የጤፍ ማሳ ነፋስ ሲነካው ብርሃኑ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየተንከባለለ እንደሚሄደው ነው። ይህ ወዝ ሳንቲሙ ከማተሚያው ሲወጣ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጠዋል፤ ከጠፋ መልሶ የሚያመጣው ጥበብ የለም።

ስስ ቀለም ወዙን አያጠፋውም፣ በላዩ ይለብሰዋል እንጂ። በብሩሽ የተፈተገ ሳንቲም ግን ሌላ ነገር ያሳያል፦ ብርሃኑ አይንከባለልም፣ ሁሉም ቦታ እኩል ያብለጨልጫል፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ደግሞ በአንድ አቅጣጫ የተሰለፉ ቀጫጭን ጭረቶች ይገኛሉ፤ በፊደሎቹ ሥርና በምስሉ ስርጉዳት ውስጥ ብሩሹ ያልደረሰበት ጥቁር ቅሪት ከነጩ መስክ ጋር እየተጋጨ ይታያል። ሰብሳቢው ሳንቲሙን የመለሰው እነዚህን አይቶ ነው። ማንም ሰው ይህን በቤቱ ሊፈትነው ይችላል፤ አንድ መብራት ብቻ ባለበት ክፍል ውስጥ ሳንቲሙን በጠርዙ ይዞ ቀስ እያሉ ማዞር ይበቃል።

ሎሚ፣ አመድ፣ የጥርስ ሳሙናና ሶዳ ምን ያደርጋሉ?

የጥርስ ሳሙና የሚሠራው በአሲድ ሳይሆን በመፋቅ ነው፤ በውስጡ ደቃቅ የማዕድን ዱቄት አለ። ለጥርስ የተመጠነው ይህ ዱቄት ከጥርስ ሽፋን በጣም ለሚለሰልሰው ብር እንደ አሸዋ ነው። አመድም ከዚህ አይለይም፤ ለብረት ድስት ጥሩ ነው፣ ለሳንቲም ግን ሞረድ ነው። ሎሚ በሌላ መንገድ ይጎዳል። ታለሩ 83.3 በመቶ፣ የምኒልኩ ብር ደግሞ 83.5 በመቶ ንጹሕ ብር ሲሆኑ ቀሪው በአመዛኙ መዳብ ነው፤ የሎሚው አሲድ ከገጹ ላይ መዳቡን እየመረጠ ስለሚበላ ሳንቲሙ የደረቀ፣ ኖራ የተቀባ የመሰለ ነጭነት ያመጣል።

ሶዳና አሉሚኒየም ፎይል በፍል ውኃ የሚለው ዘዴ ከሁሉም የዋሕ ይመስላል፤ ፍተጋ የለበትም፣ ድኙም ከብሩ ተላቅቆ ወደ አሉሚኒየሙ ይሻገራል። ለብር ማንኪያ የማይከፋ ዘዴ ነው። በሳንቲም ላይ ግን ተመልሶ የሚቀረው ብር እንደ ቀድሞው ጠፍጣፋና ወዛም ሳይሆን የተቦረቦረና የደበዘዘ ስለሚሆን፣ ዓይኑ የለመደ ሰው ወዲያው ያውቀዋል።

ለሳንቲም ተብሎ የሚሸጠው ማጽጃ ፈሳሽስ?

ይህ ከሌሎቹ ተለይቶ መታየት አለበት፤ ነገሩ እንደሚወራው አንድ ወጥ ስላልሆነ። የብር ማጽጃ ፈሳሾች አብዛኞቹ አሲድና ታዮዩሪያ የተባለ ውሕድ ያለባቸው ናቸው። ሳንቲሙ ለጥቂት ሰከንድ ነከር ተደርጎ ሲወጣ ሰልፋይዱ ሟሙቶ ይሄዳል፤ ምንም መፈተግ ስለሌለበት ጭረት አይተውም። ነገር ግን ሰልፋይዱ ቀድሞ ብር የነበረ መሆኑን እናስታውስ። ሲሟሟ የሳንቲሙን የላይኛውን ሽፋን ይዞ ይሄዳል፤ ከሥሩ ያለውም ብር በጥቂቱ ይነካል። አንድ ጊዜ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ስስ ቀለም ብቻ በያዘና ገበያ ባልወጣ አዲስ ሳንቲም ላይ የተደረገ ነከራ ወዙን ሳይጎዳ ሊያልፍ ይችላል። እውነቱን ለመናገር፣ ዛሬ ነጭ ሆነው ከፍተኛ ደረጃ ከተሰጣቸው የመቶ ዓመት ሳንቲሞች ብዙዎቹ በአንድ ወቅት እንዲህ የተነከሩ ናቸው፤ ብር በመቶ ዓመት ውስጥ ጨርሶ ሳይለወጥ መቆየቱ ብርቅ ነውና።

ጉዳቱ የሚመጣው በሦስት መንገድ ነው። ነከራው ሲደጋገም ወዙን የሚሰጡት ቀጫጭን መስመሮች ይሟሙና ሳንቲሙ የሞተ ነጭ ይሆናል። ቀለሙ ወደ ጥቁር የደረሰ ከሆነ ሰልፋይዱ ብዙ ብር በልቷል ማለት ስለሆነ፣ ሲነሣ ከሥሩ የሚገኘው ወዝ ሳይሆን የሻከረና የተቦረቦረ ገጽ ነው፤ በዚህ ጊዜ ጥቁረቱ ጉዳቱን ሸፍኖ ይዞት ነበር። ፈሳሹ በደንብ ካልታጠበ ደግሞ ከወራት በኋላ ቆሻሻ ቢጫና ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል።

ከእጅ ወደ እጅ የዞረ፣ የተበላ ሳንቲም ከሆነ ግን ነከራ ምንም የሚጠቅመው ነገር የለም። ወዙ ድሮ አልቋል፤ ጥቁረቱ ቢነሣም ከሥሩ የሚያበራ ነገር የለም። በአንድ የተበላ የምኒልክ ብር ላይ ፊደሎቹና የአንበሳው ጋማ ጎልተው የሚነበቡት በስርጉዳቱ ውስጥ ያደረው ጥቁረት እንደ ጥላ ስለሚያገለግል ነው። ያ ጥላ ሲታጠብ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ሳንቲሙም ከዕድሜው ጋር የማይስማማ መልክ ይይዛል። በግሌ ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ጽዳት ይህ ነው፤ ምንም ሳያተርፉ የሚከስሩበት ነውና።

ገበያው ይህን ያህል የሚጨክነው ለምንድን ነው?

የዛሬው ገበያ የሚመራው በሦስተኛ ወገን ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች ነው። ከእነርሱ የታወቁት ሁለቱ፣ በ1986 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ፒሲጂኤስና በ1987 የተመሠረተው ኤንጂሲ፣ ሳንቲሙን መርምረው ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ቁጥር ይሰጡትና በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽጉታል። መለኪያው የመጣው ዊሊያም ሼልደን በ1949 ለጥንት የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞች ካወጣው ስሌት ነው። ሳንቲሙ ያለ አግባብ የጸዳ ከሆነ ቁጥር አይሰጠውም፤ በመለያው ላይ የመበላቱ ደረጃ በቃል ብቻ ይጻፍና «የጸዳ» የሚል ይጨመርበታል። ይህች ቃል ዋጋውን በብዙ ታወርዳለች፤ ሳንቲሙንም ከብዙ ገዢዎች ዝርዝር ታስወጣለች። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከቤተሰብ የወረሱትን የምኒልክ ብር፣ አላድ (ግማሽ ብር) ወይም ሩብ ለእነዚህ ድርጅቶች ሲልኩ ከሚገጥማቸው ቅሬታ አንዱ ይኸው ነው።

ነገሩ የመልክ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን ጠገራ ብርን እንይ። ታለሩ ማሪያ ቴሬዛ በሞቱበት በ1780 እ.ኤ.አ. ቀን ተወስኖ ቀርቶ፣ ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ በቦምቤይና በሌሎችም ስፍራዎች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲመታ ቆይቷል፤ ሁሉም «1780» ይላል። አንዱን ከሌላው የሚለዩት ኢምንት ነገሮች ናቸው፦ የትከሻው ጌጥ ሉሎች አቀማመጥ፣ የንስሩ ጅራት ላባዎች፣ ከምስሉ ሥር ያሉት ኤስና ኤፍ ፊደላት ቅርጽ፣ በጠርዙ ዙሪያ ያሉት ጌጦችና «በፍትሕና በርኅራኄ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ። አባቶቻችንም ብሩን ሲቀበሉ የጌጡን ሉሎች ቆጥረው፣ በደንብ ካልታዩ አንቀበልም ይሉ እንደነበር የታወቀ ነው። ምኒልክ በራሳቸው ምስል በፓሪስ ያስመቱት፣ ቀኑ በግእዝ ቁጥር ፲፰፻፹፯ የሚል ብር ሲወጣም ሕዝቡ ከጠገራው በቀላሉ አልተላቀቀም፤ ታለሩ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ እስኪወጣ ድረስና ከዚያም ወዲህ በገጠር ገበያ ሲዘዋወር ቆይቷል። እነዚያን ሉሎች በአመድ የፈተገ ሰው እንግዲህ ያጠፋው ሳንቲሙ የትና መቼ እንደተመታ የሚናገረውን ምስክር ነው። ብርቅ የሆነው የቀድሞ ዘመን ታለርና በትናንትናው ዕለት በቪየና የተመታው በአንድ ዋጋ የሚታዩት ያን ጊዜ ነው።

መንካት የሚገባው ጊዜስ የለም?

አለ። ወደ ቡናው ጥያቄ እንመለስ፤ የተቆላው ሳይሆን ያረፈው ሲሆን፣ በተለይም ያረፈው ነገር ሳንቲሙን እየበላ ከሆነ፣ ዝም ብሎ መተው ራሱ ጉዳት ነው። በጣም የተለመደው ምሳሌ ከለስላሳ የፕላስቲክ ኪስ የሚመጣው አረንጓዴ ዝልግልግ ነው። ለስላሳነቱን የሚያገኘው በቅባት የሆነው ፒቪሲ የተባለ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ ቅባቱንና አሲድ ያለበት ጋዝ ይለቃል፤ ይህም በሳንቲሙ ላይ ተጣብቆ ገጹን ይቦረቡራል። የአልበም ኪስ ሲከፈት እንደ አዲስ የመኪና ወንበር የሚሸት ከሆነ ሳንቲሙን ከዚያ ማውጣት ነው።

ለዚህ የሚያገለግለው ንጹሕ አሴቶን ነው። አሴቶን ቅባትን፣ የፕላስቲክ ቅሪትንና ሙጫን ያሟሟል፤ ከብሩም ሆነ ከሰልፋይዱ ጋር ግን አይዋሐድም። ስለዚህ ያረፈውን ወስዶ የሆነውን ይተዋል፤ ደረጃ ሰጪዎችም እንደ ጽዳት አይቆጥሩበትም። ሳንቲሙ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ይነከራል፣ በሌላ ንጹሕ አሴቶን ይለቀለቃል፣ ሳይታሽ ይደርቃል። ሦስት ነገር ግን ልብ ይሏል፦ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ሽቶና ቅባት ስለሚጨመርበት ለዚህ አይሆንም፤ አሴቶን ብዙ ዓይነት ፕላስቲክ ስለሚያቀልጥ በፕላስቲክ ዕቃ መሥራት ሳንቲሙን ባሰ ያበላሸዋል፤ ትነቱም እሳት በቀላሉ ስለሚይዝ ከምድጃና ከሻማ ርቆ፣ መስኮት ተከፍቶ ነው የሚሠራው። ለአቧራና ለአፈር ደግሞ የተጣራ ውኃ ውስጥ ማሳደር ይበቃል፤ ያልለቀቀውን በጥፍር መፋቅ ግን ክልክል ነው።

ከዚህ በላይ የሆነው የባለሙያ ሥራ ነው። ባለሙያዎች «ጥበቃ» ከ«ጽዳት» የሚለዩት በዚህ ነው፤ ጥበቃ እየቀጠለ ያለ ጉዳትን ያስቆማል፣ የሳንቲሙን የራሱን ገጽ ግን አይነካም። በ1857 እ.ኤ.አ. ከሰጠመችው ሴንትራል አሜሪካ ከተባለችው መርከብ፣ ፍርስራሿ በ1988 ከተገኘ በኋላ የወጡት የወርቅ ሳንቲሞች በባሕር ዝገትና በኖራ ቅርፊት ተሸፍነው ነበር። ወርቅ ራሱ ስለማይለወጥ ያ ሁሉ ቅርፊት ያረፈ ብቻ ነበረ፤ በጥንቃቄ ሲነሣ ከሥሩ ትናንት የተመቱ የሚመስሉ ሳንቲሞች ወጡ። በብር ላይ እንዲህ ያለ ተአምር የማይጠበቀው ለዚያ ነው።

የመዳብና የነሐስ ሳንቲምስ?

መዳብ ከብር ይልቅ ይቅርታ አያውቅም። አዲስ የመዳብ ሳንቲም ቀይ ነው፤ ሲቆይ ቀይ ቡናማ፣ በመጨረሻም ቡናማ ይሆናል፤ ደረጃ ሰጪዎችም እነዚህን ሦስቱን ለይተው ይጽፋሉ። በአሲድ የተነከረ የምኒልክ ዘመን ቤሳ ወይም በ1936 ዓ.ም. ቀን የወጣ የጃንሆይ ሳንቲም ወደ ቀይነቱ አይመለስም፤ በተፈጥሮ ፈጽሞ የማይገኝ ብርቱካናማና ሮዝ መልክ ይይዛል፤ ሲጠቁርም ተዥጎርጉሮ ነው የሚጠቁረው። ለስላሳውና ጠንካራው ቡናማ ሽፋን መዳቡን ከአየር የሚጠብቀው ልብሱ ስለሆነ መተው ይገባል። ነገር ግን በጣት ሲነካ የሚረግፍ፣ ፈካ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ከታየ ያ ሌላ ነገር ነው። ከጨው የሚመጣው ይህ በሽታ እርጥበት ባገኘ ቁጥር መዳቡን እየበላ ይቀጥላል፤ ሳንቲሙን ከሌሎቹ ለይቶ በደረቅ ስፍራ አስቀምጦ ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

የአክሱም ሳንቲሞች በዚህ ረገድ ልዩ ናቸው። የአክሱም ነገሥታት በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ሲያስመቱ፣ በአንዳንዶቹ የብርና የመዳብ ሳንቲሞች ላይ ከንጉሡ ራስ ወይም ከመስቀሉ ዙሪያ የተመረጠ ቦታ በስስ ወርቅ ይለብጡ ነበር፤ በጥንቱ ዓለም ይህን የመሰለ ልማድ ሌላ ቦታ አይታወቅም። ወርቁ እጅግ ስስ ነው፣ ብዙ ጊዜም በአረንጓዴው ቅርፊት ሥር ተደብቆ ይገኛል። ቅርፊቱን በቢላ ጫፍ ወይም በአሲድ ያነሣ ሰው ወርቁን አብሮ ያነሣዋል። በተጨማሪም ከመሬት የወጣ ሳንቲም በኢትዮጵያ ውስጥ የግል ንብረት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ሲያርስም ይሁን ሲቆፍር ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ ያዝዛል። እንግዲህ እዚህ ላይ «ላጽዳው?» የሚለው ጥያቄ አግኚው ለብቻው የሚመልሰው አይደለም።

ቀለሙ ሆን ተብሎ የተሠራ ቢሆንስ?

ያማረ ቀለም ዋጋ ስላለው የሚያስመስሉት አልጠፉም፤ በድኝ ውሕድ፣ በሙቀት፣ በተቀቀለ እንቁላል አጠገብ በማስቀመጥ ጭምር ይሠራል። ከላይ የተናገርነው ቅደም ተከተል እዚህ ይጠቅማል። ወርቃማውን ዘልሎ በቀጥታ ወደ ደማቅ ሰማያዊ የገባ፣ ወዙ ላይ እንደ ቀለም ቅብ የተንሳፈፈ፣ ወይም ጭረት ውስጥ ገብቶ ጭረቱን ራሱን ያቀለመ ሳንቲም አጠራጣሪ ነው። የመጨረሻው በተለይ ልብ ይባል፤ በፍተጋ የተበላሸ ሳንቲም ጥፋቱን ለመሸፈን እንደገና ቀለም ይሰጠዋልና።

የአንገት ጌጥ የሆነውስ?

በየቤታችን ካሉት ጠገራ ብሮች ብዙዎቹ ተበስተው ወይም ማንጠልጠያ ተበይዶባቸው ከማተብና ከሐብል ጋር የኖሩ ናቸው። ለሰብሳቢ እነዚህ አስቀድመው የተጎዱ ስለሆኑ ደረጃ ሰጪውም ሆነ ቀለሙ አያሳስባቸውም፤ ታለሩ 28 ግራም ያህል የሚመዝን፣ ከ23 ግራም በላይ ንጹሕ ብር ያለው ጌጥ ነው። አንገት ላይ የሚውል ከሆነ በለስላሳ ጨርቅ ቢወለወል ወይም ብር አንጥረኛ ቢያጠራው የሚቀየም የለም። ግን እዚህም አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ አንዳንድ አሮጌ ጌጦች ላይ ያለው ብየዳና የአንጥረኛው አሠራር ራሱ ሳንቲሙ ከሚያወጣው በላይ የሚፈለግ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመውልወል በፊት ጌጡን ለሚያውቅ ሰው ማሳየት አይከፋም።

ካልጸዳ ምን ይደረግለት?

የጠቆረ ብር አጣዳፊ ጉዳይ የለውም። ከአረንጓዴው ዝልግልግና ከሚረግፈው ዱቄት በቀር፣ ዛሬ ያልጸዳ ሳንቲም ከአንድ ዓመት በኋላም ሊጸዳ ይችላል፤ የጸዳው ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። እስከዚያው ማድረግ የሚገባው ለውጡን ማዘግየት ነው። በጠርዙ ብቻ መያዝ፣ ምክንያቱም የጣት ላብ ጨውና አሲድ ስላለበት ዱካው ከወራት በኋላ በገጹ ላይ ታትሞ ይወጣል። በጎማ ማሰሪያ አለማሰር፣ በሱፍ አለመጠቅለል፣ ወጥ ቤት አጠገብ አለማስቀመጥ። ከፒቪሲ ነጻ በሆነ ጠንካራ የፕላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ አድርጎ፣ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ጨምሮ፣ ደረቅና የሙቀት መጠኑ የማይዋዥቅ ቦታ ማኖር። ከዚያም በሁለቱም በኩልና በጠርዙ ጥርት ያለ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሚያውቅ ሰው ማሳየት ነው፤ ሎሚው ሰላጣ ላይ ይዋል።